የኤልኩ አንገት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የወርክሾፑ ባለቤት ዋልተር ስሜን ከመጠየቁ በፊት እጅህን አሳየኝ አለኝ። ሁለቱንም ዘረጋሁለት። ገልብጦ አያቸው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ከዚያ የጎማ ሽርጥ ወረወረልኝ።

«ቢላ ይዘህ ታውቃለህ?»

«ሽንኩርት እከትፋለሁ።»

«ሽንኩርት ቢበሳ የሚያለቅስ ደንበኛ የለም» አለና ጥግ ላይ ያለውን በርሜል አሳየኝ።

በርሜሉ ውስጥ ጨው የተነሰነሰበት የአጋዘን ቆዳ ነበር። ወርክሾፑ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከኢስት ዮርክ ወደ ሰሜን፣ መኪና ቀለም የሚቀቡና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚሠሩ ሰዎች በተደረደሩበት ግቢ መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ላይ ጽሑፍ የለም፤ አዳኞች ያውቁታል። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ድርጅት ስምንት ወር፣ ከዚያ በፊት መጋዘን ውስጥ አራት ወር ሠርቻለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር።

ሥራችን ይህ ነው። አዳኝ የገደለውን እንስሳ የራስና የአንገት ቆዳ ያመጣልናል። ሥጋና ስቡን ፍቀን እናነሳለን፣ በጨው እናደርቃለን፣ ቆዳ ለሚያለፉ ሰዎች እንልካለን። ለፍቶ ሲመለስ በፎም ቅርጽ ላይ እናለብሰዋለን፣ የመስታወት ዓይን እናስገባለን፣ እንሰፋለን። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሊተነፍስ ምንም ያልቀረው መምሰል አለበት። ከትከሻው ኋላ ጀምሮ እስከ አፍንጫ ጫፍ የሚደርሰው ቆዳ ኬፕ ይባላል። ኬፑ ከተበላሸ ሁሉም ነገር ተበላሸ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው በፒካፕ ትልቅ አጋዘን ጭኖ መጣ። ጉሮሮው ከዳር እስከ ዳር ተቆርጧል። ዋልተር አጋዘኑ ከመኪናው ላይ እንዲወርድ እንኳ አልፈቀደም።

«ደሙን ላፈስ ብዬ ነው» አለ ሰውዬው።

«ልቡን ነው የመታኸው። የቆመ ልብ ደም አያፈስም። አንተ ያበላሸኸው ቆዳውን ነው። ሥጋህን ብላ።»

ሰውዬው ሄደ። ዋልተር ወደ እኔ ዞረና የቢላ ጀርባ በራሴ ማጅራት ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነበር። «ከዚህ ነው የሚቀደደው፤ ከኋላ፣ በጀርባ በኩል። ጉሮሮው ሰው ቀና ብሎ ሲያይ ፊት ለፊት የሚታየው ነው። ጉሮሮውን ማንም አይነካውም።»

ወርክሾፑ አራት ጠረጴዛ አለው። አንደኛው የፋቂ ነው፤ ክብ ግንድ ላይ ቆዳ ዘርግተህ በባለ ሁለት እጀታ መፋቂያ ትገፋለህ። ሁለተኛው ጆሮና ከንፈር የሚገለበጥበት ነው። ሦስተኛው የሰፊ ነው። አራተኛው ላይ የሚቀመጠው ቆዳውን ያለብሳል፣ ዓይን ያስገባል፣ መጨረሻ ላይም ከሰሌዳው ጀርባ ስሙን በእርሳስ ይጽፋል። አራተኛው ላይ ዋልተር ብቻ ነበር። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ከአንደኛው ሦስተኛው ደረስኩ። እዚያ ቆምኩ።

እናቴ ለሰው «ልጄ የቆዳ ሥራ ላይ ነው» ትላለች። አንዲት ጎረቤታችን ጃኬት እንዳሠራላት ልኬቷን ይዛ መጥታ ነበር። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ፀጉር የምቆረጥበት ቤት ያሉት ደግሞ እንደ እናቴ አይሸፋፍኑም። «ሬሳ አልባሹ መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት» ይሉኛል። «ናቲ፣ እኔ ስሞት ወደ ግራ አዙረኝ፣ ፎቶ የሚወጣልኝ በዚያ በኩል ነው።»

ኤልክ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ። ኤልክ ከአጋዘን ዘር ነው፣ ግን ቁመቱ የፈረስ፣ ቀንዱ የሰው ቁመት የሚያህል ነው። በዚህ ክፍለ ሀገር አንድ ጊዜ ታድኖ አልቆ፣ ከምዕራብ በጭነት መኪና መጥቶ እንደገና የተለቀቀ ስለሆነ መንግሥት የሚፈቅደው ጥቂት ነው። በየዓመቱ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሰው ታግ የሚባል የአደን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በዚያ ታግ፣ በዚያ ሳምንት፣ በተባለው ቦታ አንድ እንስሳ። ሳምንቱ ካለፈ ታጉ ወረቀት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አመልክተው ሳይደርሳቸው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ጋሽ ዘውዱን ያወቅኳቸው በዚህ ነው። አንድ የበጋ ቀን አንድ ሽማግሌ ወርክሾፑ ገብተው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። ቀጥ ያለ ጀርባ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ። በእንግሊዝኛ «ኤልክ ትሠራላችሁ?» አሉ። ቀና ስል ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ… አበሻ ነህ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እርስዎስ?»

ሳቁ። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንጻ ሱፐር ሆነው፣ ቧንቧና ማሞቂያ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አደን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «ለኤልክ አፕላይ ሳደርግ አሥራ አራት ዓመቴ» አሉና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። የታጉ ኢሜይል ነበር። አንድ ወንድ ኤልክ። «ባለፈው ሳምንት ኢሜይሉ ሲመጣ ስካም መስሎኝ ላጠፋው ነበር።»

ዋልተር ከጠረጴዛው ተነስቶ ስልኩን ተቀብሎ አየ። ከዚያ ወደ ጓዳ ጠራኝ።

«አብረሃቸው ሂድ። አንተው ግፈፈው። ኬፑ ሙሉ ሆኖ ከመጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንተ ትሠራዋለህ፤ አራተኛው ጠረጴዛም ያንተ ይሆናል። እኔ ዓይኔ ደክሟል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ የስፌት መርፌህ እዚያው አለ።»

ሌላ ሰው ለመቅጠር እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለት ሰው ለፈተና መጥተው ሄደዋል። ያ ኤልክ ካለፈኝ ሌላ አልነበረም።

መስከረም ላይ ልንሄድ ስንል ጨውና ቢላዎቼን ይዤ ቶርንክሊፍ ሄድኩ። የጋሽ ዘውዱ ባለቤት እትዬ አስካለ ሊሸኙን ታች ወርደው ነበር። የበሶ ከረጢት እያቀበሉኝ ያሾፉ ጀመር።

«አየኸው? ለእኔ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልተላጨም።»

«አስካለ፣ መንገድ ላይ ነን» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሲያድን አንዲት ጉርሻ ቀምሼለት አላውቅም። በጥይት ሞቶ የተገኘ ሥጋ ቤቴ አይበላም። ለጎረቤት ነው የሚያድለው። ዘንድሮ ግን ቃል ገብቶልኛል፤ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ፣ ባርኮ ያመጣልኛል።»

«አሜን» አልኩና ጨውን ጫንኩ። በሰላም ግቡ እንደማለት ነው የሰማሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መጥቼ እዚህ ያደግሁ ነኝ፤ ለእኔ ሥጋ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነው። ሲታረድ ቆሜ አይቼ አላውቅም። ሰው ምን እንደነገረኝ ሳይገባኝ ራሴን ነቀነቅኩ፣ በሥራዬ ላይ የሠራሁት ትልቁ ስህተትም ያ ነው።

ቦታው ከቶሮንቶ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ጋሽ ዘውዱ ጠመንጃ፣ እኔ ቢላና ገመድ፤ ሁለታችንም ብርቱካናማ ሰደርያና ቆብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዱካና ፋንድያ ብቻ አየን። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጉም ውስጥ አንድ ኤልክ ወጥቶ ሰማንያ እርምጃ ላይ ቆመ። ጋሽ ዘውዱ ጠመንጃውን አነሱ። ቆዩ። ቆዩ። አወረዱት።

«ሴት ናት» አሉ በሹክሹክታ።

ታጉ የወንድ ነው። ተራምዳ እስክትጠፋ አልተነቃነቅንም።

በአምስተኛው ቀን ንግግራችን አለቀ። ጋሽ ዘውዱ በሶ ይበጠብጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይነሳሉ። እኔ በሐሳቤ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጬ አየዋለሁ። ስድስተኛው ቀን ጠዋት ግን ወንዱ ጮኸ። በጥሩምባና በፉጨት መካከል ያለ ድምፅ ነው፤ ከወገብህ በታች ይሰማሃል። ጋሽ ዘውዱ የኤልክ ድምፅ በሚያስመስል የላስቲክ መጥሪያ መለሱለት። ቀረበ። እንደገና መለሱለት። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን፤ ከዚያ ቀንዱ ከዛፎቹ በላይ ሲመጣ አየሁት፣ ቤት ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል።

ተኮሱ። ኤልኩ ጎንበስ ብሎ ሮጠ።

እዚህ ላይ የሥራ ሕግ አለ። የተመታ እንስሳ ወዲያው አይከተሉትም። ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ እሱም ርቆ ሳይሄድ ይተኛና ይሞታል። ከተከተሉት ደንግጦ ይነሳና ረግረግ ውስጥ ይጠፋል፤ ወይም ይመለስብሃል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ ዘውዱ ነበሩ፣ በመጀመሪያው ቀን።

አምስት ደቂቃ አልቆዩም።

«ጋሼ፣ ገና ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ይነሳብናል።»

«ናቲ፣ ከኋላዬ ሁን። ዝም በል።»

ደሙን ተከትለው በፍጥነት ሄዱ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ እየሮጥኩ ነበር የምከተላቸው። ሽማግሌው ጨርሰው ያበዱ መሰለኝ። ደሙ በቅጠሉ ላይ ደማቅና አረፋ ያለው ነበር፤ ሳንባውን ነው የመቱት። ኮረብታውን ስናልፍ አየነው። የፊት እግሮቹን አጥፎ ተኝቷል፣ ራሱ ግን ቀና ብሏል። ይተነፍሳል። እያንዳንዱ ትንፋሽ በጉም ውስጥ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

ጋሽ ዘውዱ ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደገፉ። አዳኝ ይህን አያደርግም። ቢላ መዘዙ። ከኋላው ዞረው፣ አንድ ቀንዱን በግራ እጃቸው ያዙ። ኤልኩ ራሱን ሊወዘውዝ ሞከረና አልቻለም። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። «በስመ አብ…» ሲሉ ሰማሁ። ቢላው ከመንጋጋው ሥር፣ ጥቁሩ የአንገት ጎፈር ላይ፣ አግድም አረፈ።

እኔ ያየሁት ኬፑን ብቻ ነው።

«ይቁሙ! ጋሽ ዘውዱ፣ ይቁሙ!»

ቀንዱን ለቀው ወደ ኋላ ዘለሉ። ቢላውን ወደ ዛፎቹ አዙረው ግራና ቀኝ አዩ። የኤልኩ ራስ ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ሌላ አልተከተለውም።

ጋሽ ዘውዱ ሣር ነቀሉና በጫፉ ዓይኑን ነኩት። አልጨፈነም። እንደገና ነኩት።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

«አንገቱን ሊቆርጡት ነበር። ቆዳው ይበላሽ ነበር።»

ግንድ ላይ ተቀመጡ። በማይጮህ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ሌላ እንስሳ የመጣብኝ መስሎኝ ነው። አደን ላይ ቁም የሚባለው ሰው ሊሞት ሲል ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ግማሽ ሰዓት ያልቆዩት፣ ጠመንጃ ጥለው በቢላ የቀረቡት፣ እትዬ አስካለ ታች ሆነው ያሉኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ከሞተ በኋላ ቢባርኩት ዋጋ የለውም። በአንድ ትንፋሽ ብቻ አመለጣቸው።

ጋሽ ዘውዱ የታተመውን ታግ ከኪሳቸው አውጥተው የአደኑን ወርና ቀን በቢላ ቀደው ቀንዱ ላይ አሰሩት። እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ከማጅራቱ ቀደድኩ፣ በቀንዶቹ ዙሪያ ዞርኩ፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ አፍንጫውን አወጣሁ። አንድ ቀዳዳ የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ አድርጌ ገፍፌ አላውቅም፤ እየገፈፍኩ እጄን መቁረጥ አማረኝ። ሥጋውን በአራት ከፍለን ተሸክመን እስክናወጣ መሸብን። በመካከላችን የተነገረው «ያዝ»ና «ልቀቅ» ብቻ ነው።

ቶርንክሊፍ ስንደርስ እትዬ አስካለ ከሊፍቱ በር ላይ ትልቅ ሳፋ ይዘው ቆመው ነበር። የባላቸውን ፊት አዩ።

«ደረስክ?»

ጋሽ ዘውዱ ወደ እኔ አላዩም። «አልደረስኩም» አሉ።

እትዬ አስካለ ሳፋውን በጎናቸው አደረጉት። «እንግዲህ ለዚያ ለፖላንዳዊው ጎረቤታችን ስጠው፣ ለአራተኛ ፎቅ ፊሊፒኖዎችም» አሉና ሊፍቱን ተጫኑ። ያስቆምኳቸው እኔ እንደሆንኩ ሳልነግራቸው ኬፑን በበረዶ ሣጥን ይዤ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ።

ዋልተር ቆዳውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ከውስጥ በኩል ለረጅም ጊዜ አየው። «ጠረጴዛው ያንተ ነው» አለ። መደሰት ነበረብኝ። የሆነውን ነገርኩት። ሲያዳምጠኝ መነጽሩን አወለቀ።

«አግድም ነው ሊቆርጡ የነበረው?»

«አዎ።»

«ቁም ከምትላቸው ለምን ወደ ታች፣ በቁመት አላልካቸውም? ከአንገቱ ሥር ቢላውን በቁመት አስገብተው ከውስጥ የደም ሥሩን ቢቆርጡት ሁለቱም ይሆን ነበር። የመስከረም ኤልክ የአንገት ጎፈሩ ይህን ያህል ነው» አለና መዳፉን ሙሉ ፀጉሩ ውስጥ አስገባ። እጁ ጠፋ። «በቁመት የተቀደደ ስፌት እዚህ ውስጥ ማን ያየዋል? ሦስት ዓመት መስፋት ነው ያስተማርኩህ።»

እውነቱን ነው። የምፈራው ነገር ለመጠገን የተማርኩት ነገር ነበር።

ቆዳው ለፍቶ ሲመለስ የካቲት ሆነ። አምስት ሳምንት ሠራሁት። ራሱን ትንሽ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አደረግሁ። ሰሌዳው ላይ ስሜን ሳልጽፍ ቆየሁ፤ ዋልተር እርሳሱን ሁለት ጊዜ አቀበለኝና ጻፍኩ። ጋሽ ዘውዱ ሊያዩት መጡ። ዞሩት። ጣታቸውን ጉሮሮው ላይ አሳለፉ።

«ጥሩ ሠርተኸዋል» አሉ። «እዚሁ ስቀለው።»

«የእርስዎ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«የት ላድርገው? በየቀኑ አልደረሰም እያለ ለአስካለ ሊነግራት?»

በማግስቱ የግቢያችንን ቀለም ቀቢ ቫኑን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ራሱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቶርንክሊፍ ወሰድኩት። ሊፍቱ ውስጥ ቀንዱ አልገባ ብሎ አንድ ጎኑን ወደ ጣሪያው አዞርኩ፤ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት በሩ ተከፍቶ አየችንና በደረጃ ሄደች። እትዬ አስካለ ከፈቱ። ሳሎኑ መግቢያ ላይ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ዘውዱ ከወንበራቸው ተነሱ።

«እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ዘውዱ ደርሰው ነበር» አልኩ። «ነፍሱ ሳይወጣ። ቢላው አንገቱ ላይ ነበር፣ በስመ አብ ብለዋል። ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ለቆዳው ብዬ።»

«ናቲ!» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

እትዬ አስካለ እኔን አላዩም፤ ባላቸውን ነው ያዩት። «ደርሰህ ነበር?»

«ተይው አሁን።»

«ዘውዱ፣ ደርሰህ ነበር ወይ?»

«ደርሼ ነበር።»

«ምን ያህል?»

ጋሽ ዘውዱ ጎንበስ ብለው ወለል ላይ ያለውን ቀንድ በግራ እጃቸው ያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን ከመንጋጋው ሥር አስገቡ። እንደዚያ ሆነው ቀና ብለው ባለቤታቸውን አዩ።

እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «የማትረባ!» አሉ፤ እኔን ይሁን እሳቸውን አላወቅኩም። «እንደዚህ ያለ አውሬ በቢላ ትቀርባለህ? ቢረግጥህስ?» ተቆጥተው ሲጨርሱ ጠጋ ብለው ቀንዱን በጣታቸው ነኩት። «ከቴሌቪዥኑ በላይ አይሆንም» አሉ። «መተላለፊያው ላይ። ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ ግንባሬን እንዳይወጋኝ።»

ሰቀልኩት። ሥጋውን ግን አልቀመሱም፣ አይቀምሱምም። ጋሽ ዘውዱ ለዘንድሮው ዕጣ አላመለከቱም፤ ጉልበቴ አይችልም ይላሉ። እኔ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ነኝ።

ታግ የደረሰው ሰው ሲደውል ስንት ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ትፈልጋለህ ብዬ አልጀምርም። ሥጋውን ማን ይበላዋል ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን እስኪጨርስ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ቢላው የት እንደሚገባ እነግረዋለሁ። ይህ ከአደኑ በፊት መደረግ አለበት። በኋላ አይሠራም።